አያ ፈንቴ ለሐኪሙ ያዘጋጁኝ ጊዜ

ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ማረሻውን ያስቀጠቀጠ፣ ማጭዱን ያሳለ ሁሉ ይህን ወሬ ይስማ፤ አንጥረኛው አያ ፈንቴ ዐርፈዋል። ወሬውን ያመጣልኝ ቅቤ ይዞ አዲስ አበባ የመጣ የአገራችን ሰው ነው። ትምህርት ቤታችን በር ላይ አስጠርቶኝ የቤተሰቤን ደኅንነት አንድ በአንድ ነገረኝ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና «አንጥረኛውም ሄደ» አለኝ። ስማቸውን መጥራት አላስፈለገውም። በእኛ አገር አንጥረኛው ማለት እሳቸው ነበሩ።

ለአንጥረኛ የመታሰቢያ ጽሑፍ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። ስለ ታላላቅ ሰዎች የሚጽፉ ታላላቅ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ገና በነርሶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የቃላት አሰካኬ የተማሪ ቢሆን፣ የተሳሳትኩትም ቢኖር፣ አያ ፈንቴን የሚያውቋቸው በትዕግሥት ያርሙኝ። ዝም ብል ግን ማንም የማይናገረው ነገር ስላለ ጻፍኩ።

እሳቸውን ሥራ ላይ ያላየ ሰው አላያቸውም ማለት ይቻላል። ጎጆአቸው ግድግዳ የሌለው ዳስ ነበር። በመካከሉ ምድጃው፣ ከምድጃው አጠገብ ከፍየል ቆዳ የተሠራው ወናፍ፣ በወዲህ በኩል ብረት የሚቀጠቀጥበት ጥቁሩ መስፍ። በግራ እጃቸው ወናፉን እየነፉ በቀኛቸው ብረቱን በጉጠት ያገላብጡ ነበር። የጋለውን ብረት ሲመቱ ይናገሩታል፤ «እንዲህ ነው፣ ጎሽ፣ ትንሽ ቀረህ» ይሉታል፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። የቸኮለ ገበሬ ሲጨቀጭቃቸው «ፍም ሲነፉት እንጂ ሲቆጡት አይነድም» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

በአገራችን አንጥረኛ ቡዳ ነው ይባላል። ዓይኑ ያረፈበት ልጅ ይከሳል፣ ይታመማል፣ ይወድቃል ይባላል። ስለዚህ ሰው ማረሻውን በእጁ አይሰጣቸውም፤ መሬት ላይ ያስቀምጥና ፈቀቅ ይላል። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ልጅ ባለበት ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ነበር የሚያወሩት። የሚያናግራቸው ልጅ የሚያየው አንድ ጆሮና የተቃጠለ የጺም ጫፍ ብቻ ነው።

እኔን ደግሞ ይጥለኝ ነበር። ነገሩ በጠላት ዘመን ነው። አባቴ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ገብቷል፤ እናቴና እኔ ብቻችንን ነን። በሽታው ሲመጣ በሜዳም በቤትም እወድቃለሁ፣ እንቀጠቀጣለሁ፣ ከዚያ ተኝቼ እነቃለሁ። ጸበል ተጠምቄያለሁ፣ አንገቴ ላይ ክታብ ታስሮልኛል፣ አፍንጫዬ ሥር ያልታጠነ ሥር የለም።

አንድ ቀን እናቴ ማጭድ እንዳስል ላከችኝ። እምድጃው ፊት ቆሜ ሳለሁ ጣለኝ። አያ ፈንቴ ከፍሙ ላይ በባዶ እጃቸው አወጡኝ። እጄ አንጓ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው፤ የእሳቸው መዳፍ ግን ከእኔ የባሰ ተቃጥሎ ነበር። ምስጋናውን ይዞ የመጣው አጎቴ ነው፣ በዱላ። «እስከ ዛሬ በዓይኑ ነበር፣ አሁን ደግሞ በእጁ ጀመረ!» እያለ ጎጆአቸው ድረስ ወረደ። ጎረቤት ባይዘው ኖሮ ይመታቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ጧት ከአጥራችን ውጪ ድምፃቸውን ሰማን።

«ቤቶች!»

«ማነው?» አለች እናቴ።

«ፈንቴ ነኝ። እዚሁ አጥር ሥር ነኝ፣ አልገባም።»

«ምን ቀረህ? ልጄን ገና አልጨረስካትም?»

«ኧረ እትዬ! ብበላትማ ያን ዕለት ጥብስ ሆና ነበር እኮ የመጣችልኝ።»

እናቴ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቋ አመለጣት። ሳቋ ሲያመልጣት ደግሞ ተናደደች። እሳቸው ግን ጊዜ ሳይሰጧት የመጡበትን ተናገሩ።

ጣሊያኖቹ የበቅሎዎቻቸውን የኮቴ ብረት እንዲያበጁ አያ ፈንቴን በግድ ወደ ካምፓቸው ይወስዷቸው ነበር። እዚያ የጣሊያን ሐኪም አለ። አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ አያ ፈንቴ እሱን ጠይቀውት ለሚጥል በሽታ ነጭ ክኒን እንዳለ ነግሯቸዋል። ሐኪሙ ግን በሽታውን በዓይኑ ካላየ ክኒኑን አይሰጥም። ታማሚው በጀርባው ይተኛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በረጅሙ ደጋግሞ ይተነፍሳል። ያ ትንፋሽ አንጎልን ይቀሰቅሰዋል፤ በሽታው ካለ ይመጣል። ምርመራው ይኸው ነው።

«ሲሄድልኝ ቤተ ክርስቲያን ዕጣን የማስገባለትን ጉድ በገዛ እጄ ልጥራው?» አለች እናቴ።

«አንድ ጊዜ ነው፣ እትዬ። እንዲታይ ብቻ።»

«ባሌ ዱር እያደረ እኔ ጣሊያን ደጅ ልቁም?»

«እኔስ በየሳምንቱ ስሠራለት እውላለሁ አይደል? አንድ ቀን እንኳ እሱ ለእኛ ይሥራ።»

«ልጄ ብትሞትብኝስ?»

አያ ፈንቴ «ያን ጊዜ እኔም አልኖርም» አሉ። «ወንድምዎ ዱላውን መች አስቀመጠ?»

ቀልድ አልነበረም። እናቴ ይህንን ስትሰማ ወደ አጥሩ ጠጋ አለች። ይህ ሰው ምን አስጨነቀው ብላ እንዳሰበች በኋላ ነግራኛለች። ልጅ የላቸውም፣ ዘመድ አይደለን፣ የሚያገኙት ቢኖር ዱላ ነው። እንግዲያውስ እውነቱን ነው አለች። በማግስቱ እጄን ይዛ ወደ ጎጆአቸው ወረደች፤ እሷ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጥጧን ትፈትል ጀመር፣ ዓይኗን ግን ከእኔ አታነሣም።

አያ ፈንቴ አንድም ቀን «አይዞሽ፣ አትፍሪ» አላሉኝም። «የፈራ ልጅ የጋለ ብረት ነው፤ በእጅ አይያዝም፣ አይጣልም» ይሉ ነበር። የሚሆነውን ሁሉ ግን አንድም ሳይደብቁ ጨዋታ አደረጉት። ወናፉን እየነፉ፣ «እይው እንግዲህ፣ እስኪሞላ ይስባል፣ ከዚያ ሁሉንም ያወጣል። ዛሬ አንቺ ወናፍ ነሽ፣ እኔ ፍም ነኝ» አሉኝ። ቁርበት ላይ በጀርባዬ ተኝቼ በረጅሙ ስተነፍስ፣ ፊታቸውን እንዳዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ ፍሙ እየነደደ ነው። ካቆምኩ ጣቶቹ ይጠወልጋሉ። «ጠፋሁ! ኧረ ጠፋሁ! አንቺ ልጅ ገደልሽኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔም በሳቅ እየፈረስኩ እንደገና እነፋለሁ። ራሴን ቀለል ሲለኝና ጣቶቼን ሲነዝረኝ ያስቆሙኛል። «ይበቃል፤ ለፈረንጁ እናስተርፍለት።»

ሐኪሙ ዓይን ውስጥ መብራት እንደሚያበራም ሰምተው ነበር። አዲስ የሳሉትን ቢላዋ ፀሐይ ላይ እያገላበጡ ብልጭታውን ወደ ፊቴ ይልኩታል፣ እኔ ሳልጨፍን እንድቆይ። ጉልበት በትንሽ መዶሻ እንደሚመታም ሰምተዋል። እሱን በራሳቸው ጉልበት ላይ አሳዩኝ፤ እግራቸው ተፈናጥሮ የውኃውን እንስራ ገለበጠው፣ ምድጃው ተንቸሰቸሰ፣ እናቴ ከድንጋዩ ላይ ሆና «ይህን ሁሉ ያዘዘው ሐኪሙ ነው?» ብላ ጠየቀች። ከጣሊያንኛ «አስፔታ» የምትለዋን ብቻ ያውቁ ነበር፣ ቆይ ማለት ናት። ሐኪም ሆነው ሲጫወቱ ለሁሉም ነገር «አስፔታ!» ይላሉ።

አንድ ቀን፣ «አያ ፈንቴ፣ ፊትዎን ለምን ያዞራሉ?» አልኳቸው።

«አንገቴ ሲሠራ እንዲህ ሆነ» አሉኝ። «የሠራኝ አንጥረኛ ቸኩሎ ነበር።»

የምርመራው ቀን ሦስታችን ወደ ደብረ ታቦር ወጣን። እናቴ ራሴን ቅቤ ቀብታ፣ ያላትን የክት ቀሚስ አልብሳኛለች። አያ ፈንቴ ሰው እንዳያማን ብለው ከኋላችን ርቀው ይሄዱ ነበር። የሐኪሙ ድንኳን በር ላይ ቁስለኛና እናቶች ተሰልፈዋል። ተራችን ሲደርስ አያ ፈንቴ ከበሩ ውጪ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። አልጋው ላይ ወጣሁ፣ መብራቱን አየሁ፣ መዶሻው ጉልበቴን ሲነካው ሳቅሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ነፋሁ። እንደ ተማርኩት ነፋሁ። በሽታውም መጣ።

በዚያች ሰዓት እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ላዬ ላይ ጣለችው።

ከዚህ በፊትም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። በእኛ ዘንድ የወደቀ ሰው ይሸፈናል። ገላው እንዳይታይ፣ ክፉ ዓይን እንዳያርፍበት፣ አላፊ አግዳሚው እንዳይሳለቅበት ነጠላ ይጣልበታል። እናቴ ምን እንዳደረገች እንኳ አላሰበችም፤ እጇ ብቻውን አደረገው። ሐኪሙ ጮኾ ነጠላውን ሲስብ፣ እሷም «ልጄን!» እያለች ስትስብ፣ ነገሩ አለፈ። ስነቃ እንደ ሁልጊዜው ነጭ ጨርቅ ውስጥ ነበርኩ፣ ከውጪ ጩኸት ይሰማኛል።

«አላየሁም ይላል» አለ አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ። «ያላየሁትን አላክምም ይላል። ሂዱ ይላል።»

በመመለሻው መንገድ እናቴ ታለቅስ ነበር። «ምን ላድርግ ታዲያ? ልጄን ተገልጣ ለፈረንጅ ዓይን ልስጣት?» ትላለች። አያ ፈንቴ ከኋላ መጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎናችን ሄዱ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ልጅቱን አዘጋጀሁ፣ እናቲቱን መች አዘጋጀሁ?» ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ ሲጥላት አይተዋት ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ምን ማለትዎ ነው? እኔ ያላየኋት ማን ይያት?»

«ፊቷን ማለቴ ነው።»

እናቴ መንገዱ ላይ ቆመች። አሰበች፣ አሰበች። «ነጠላውን ነው የማየው» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ግን አይቻታለሁ» አሉ አያ ፈንቴ። «ያን ዕለት ከእሳቱ ሳወጣት፣ የምሸፍንበት ጨርቅ አልነበረኝም። እትዬ፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ዓይኗ ሽቅብ ይሄዳል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ እንደ ወናፍ ትርገበገባለች። ከዚያ ያንን ሁሉ ትታ እንደገና እሷኑ ትሆናለች። ስትመለስ ልብ ታሳርፋለች።»

እናቴ እጃቸውን አየች። ቃጠሎው ገና አልሻረም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጎጆአቸው ስንወርድ እናቴ ከድንጋዩ ተነሥታ ቁርበቱ አጠገብ መጣች። አያ ፈንቴ እኔ ስነፋ እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንድትቀመጥ ያለማምዷት ጀመር። እጇ ወደ ነጠላዋ በሄደ ቁጥር «አስፔታ!» ይላሉ። አልሆነም። በመጨረሻ፣ «ነጠላዎን ያደግድጉት» አሏት። እንደምታውቁት ሰው ታላቅ ፊት ሲቀርብ ነጠላውን ወገቡ ላይ አጥብቆ ያስራል። የታሰረ ነጠላ በድንገት አይገፈፍም። «ያዩት ፈረንጁን አክብራ ነው ይበሉ» አሉ አያ ፈንቴ። «እኛ ማንን እንደምናከብር እናውቃለን።»

አያ ፈንቴ አስተርጓሚውን አስለምነው ሐኪሙ እንደገና ሊያየኝ ፈቀደ። በሁለተኛው ምርመራ ቀን ግን እኔ ፈራሁ። የሐኪሙ ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣም። አልጋው ላይ ወጥቼ አፌን ገጠምኩ። አስተርጓሚው ለመነኝ፣ እናቴ ለመነችኝ፣ ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። አያ ፈንቴ በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ የማየው የኮታቸውን ቅድ ብቻ ነው።

«አያ ፈንቴ ካላዩኝ አልነፋም» አልኩ።

በሩ ላይ ከተሰለፉት መካከል የሰፈራችን ሰዎች ነበሩ። አንዷ «ወይኔ! ሊጨርሳት ነው» ስትል ሰማኋት። አያ ፈንቴ አልተንቀሳቀሱም። ለእሳቸው ይህ ምን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም፤ አሁን አውቃለሁ። ቡዳ የተባለ ሰው ሰው ሁሉ እያየ ዓይኑን የታመመች ልጅ ላይ ሊያሳርፍ ነው፣ ያውም ልትወድቅ ስትል። ከዚህ በኋላ ልጅቱ ባትነሣ ምስክር አያስፈልግም።

እናቴ ነጠላዋን እንዳደገደገች ወደ በሩ ሄደችና ከፊታቸው ቆመች። «ይዩልኝ፣ አያ ፈንቴ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «አደራ፣ ልጄን ይዩልኝ።»

ዞሩ። ዓይናቸውን ያን ጊዜ አየሁት። ሽፋሽፍቱ በእሳት ያለቀ፣ ከጢስ ብዛት የቀላ፣ ቡናማ የሽማግሌ ዓይን ነበር። ከአያቴ ዓይን አይለይም። እያዩኝ ጣታቸውን አነሡ፣ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፤ እኔም ነፋሁ።

ከዚያ ያለውን አላስታውስም። ስነቃ ግን ጨርቅ አልነበረም፣ የእናቴ ፊት ነበር። አላለቀሰችም። ከዚህ በፊት አይታኝ እንደማታውቅ ሰው ታየኝ ነበር። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። አስተርጓሚው «አየሁ ይላል» አለ። «ክኒን ይሰጣችኋል።» አያ ፈንቴ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በኮታቸው ይጠርጉ ነበር።

ክኒኑ ረዳኝ። የሰፈሩ ሰው ግን አያ ፈንቴን አመሰገነ ብል እዋሻለሁ። «አንጥረኛው ተፋት» ተባለ። ይህን የነገራቸው ሰው ይናደዳሉ ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን «ይበሉ፤ ዋናው መትፋቴ ነው» ብለው ወናፋቸውን ነፉ። ጠላት ሲወጣ ክኒኑም አብሮ ጠፋ። ያን ጊዜ በጎንደር መንገድ የሚያልፈውን ነጋዴ ሁሉ ይፋግ ገበያ ድረስ እየሄዱ «የሚጥል መድኃኒት አለ ወይ?» ብለው የሚጠይቁት እሳቸው ነበሩ። አባቴ ከዱር ተመልሶ ነገሩን ከእናቴ ሲሰማ ማረሻውን ተሸክሞ ወረደ፤ መሬት ላይም አላስቀመጠው፣ በእጃቸው ሰጣቸው።

ባለፈው ሰሞን መምህራችን በውጭ አገር የአንጎልን ሥራ የሚመረምር መሣሪያ እንዳለ ነገሩን። ራስ ቆዳ ላይ ሽቦ ይለጠፋል፣ የአንጎሉም ሥራ ወረቀት ላይ እንደ ውኃ ሞገድ እየተጻፈ ይወጣል። ልጅ ሲመረመር ጸጉሩ ከቅባት ይጸዳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል። መምህራችን ከመሣሪያው ይልቅ ልጁን ማዘጋጀቱ እንደሚከብድ ነግረውን፣ ይህን ለልጅ እንዴት እንነግራለን ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁና ስለ ወናፉና ስለ ፍሙ ተናገርኩ። እናትየዋም ብትዘጋጅ መልካም ነው አልኩ። ማን አስተማረሽ ሲሉኝ «አንጥረኛ» ብዬ መለስኩ፤ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለክረምት አገሬ ስገባ ይህን ለአያ ፈንቴ ልነግራቸው አስቤ ነበር። የቅቤ ነጋዴው ቀደመኝ።

አያ ፈንቴ፣ እንግዲህ እዚህ ሆኜ ልሰናበትዎ ነው። ነጋዴው ከመሄዱ በፊት ነግሮኛል፤ ታመው ሳሉ «ያቺ ልጅ አሁንም ይጥላታል ወይ?» ብለው ጠይቀው፣ አጠገብዎ ከነበሩት የሚያውቅ ጠፋ። መልሱን እኔ ልስጥዎ። አንዳንዴ ይጥለኛል። ዘንድሮም ልብስ ማጠቢያው ዘንድ ጣለኝ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ራሴ ሥር ልብስ አድርገው፣ ዙሪያዬን ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ማንም አልሸሸም። ዓይኔን ስገልጥ አንደኛዋ፣ ከሩቅ መንገድ ለገባ ሰው እንደሚባለው፣ «ደኅና መጣሽ» አለችኝ። እንዲህ ነው ያለሁት፤ ላስደስትዎ ብዬ አልዋሽዎትም። አሁን ሳይጨነቁ ይረፉ። እርስዎም በደረሱበት «ደኅና መጡ» የሚል ይቀበልዎ፣ አያ ፈንቴ።